ደብተሩ አለ፣ ተማሪው የለም

ጡረታ ያወጣኝ አለቃዬ አይደለም፣ ሐኪሜም አይደለም። ያወጡኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ እዚህ ላስ ቬጋስ፣ አሊያንቴ የሚባል ሠፈር አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ከቁመታቸው ምላሳቸው የሚረዝም ደንበኛዬ ናቸው። እንዴት እንዳወጡኝ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ቀሪውን ሳታነቡ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ አስተማሪ ነበርኩ፣ ከመሃል ክፍለ ጊዜ ሾልኮ የሚወጣ ሰው ከዓይኑ ይታወቀኛል።

አሰላ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው ሎጂክ ነበር፤ በተለይ በቂ ሁኔታና አስፈላጊ ሁኔታ የሚባለውን። ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ነገር መኖሩ ብቻውን ሌላውን የሚያረጋግጥ ከሆነ በቂ ነው። ያለ እሱ ሌላው ጨርሶ የማይሆን ከሆነ ደግሞ አስፈላጊ ነው። ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ሳይረዳው ቀርቶ ሳይሆን ቸኩሎ ነው።

ምሳሌዬን ያገኘሁት ከራሴ ውርደት ነው። ክፍሌ ውስጥ ሕግ ነበረኝ፤ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ዴስኩ ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ ስም መጥራት ትቼ የተዘረጋ ደብተር መቁጠር ጀመርኩ። ወር ያህል "ማንም አልቀረም" እያልኩ ስፈርም ቆየሁ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ በመስኮት ጠርቶኝ የኳስ ሜዳውን አሳየኝ፤ ግማሹ ክፍሌ እዚያ ነው። ደብተሩን ዘርግቶ፣ እስክሪብቶ ጣል አድርጎበት፣ በአጥር ዘሎ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፦ ተማሪው ካለ ደብተሩ አለ። ደብተሩ አለ። ታዲያ ተማሪው አለ? ክፍሉ በአንድ ድምፅ "የለም ቲቸር!" ይላል። ሁሉም በተግባር ያውቁታላ።

ይህን ሁሉ የማወራው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ይህን ስህተት እያስተማርኩ ያረጀሁ ሰው ራሴ ሰው ላይ እንደሠራሁት እንድታውቁልኝ ነው።

ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ላስ ቬጋስ ስመጣ ዲግሪዬን ጠይቆ የሚያየው ሰው አላገኘሁም። መጀመሪያ የሠራሁት ካዚኖ ያለበት ሆቴል ውስጥ ነው፤ የአየር ማጣሪያ እየነቀልኩ አጥባለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ጓደኞቼ ቲፕ ያለበት ቦታ ሲያሳድዱ እኔ ከማሽኖቹ ጋር ተዋደድኩ። ማሽን ምክንያት አለው። ከሺፍት በኋላ የጥገና ኮርስ ገብቼ ፈቃዱን አወጣሁና የቤት አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ የሚሉትን፣ የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ቀጠረኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻል ነበር፤ የሚሞላው ወረቀት ግን እግዜር ያሳያችሁ።

ራሞንን ያገኘሁት እዚያ ነው። የሜክሲኮ ሰው ነው፣ ያኔ ስድሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ራሱ ነግሮኛል። እኔን "ፕሮፌሰር" ይለኛል፤ አሽሙር ይሁን አክብሮት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ቤት ገባን። ኤሲው አይሠራም። ግድግዳው ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ መብራቷ በርቶ አየሁና "ኤሌክትሪክ አለ" አልኩት በኩራት። ራሞን መቆጣጠሪያዋን ከግድግዳው ነቅሎ ገልብጦ አሳየኝ። ሆዷ ውስጥ ሁለት ባትሪ ድንጋይ አለ። ውጪ ያለው የኤሌክትሪክ ማቋረጫ፣ ብሬከሩ፣ ወድቋል፣ ቤቱ ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ግን በድንጋዩ ደምቃ ትበራለች። እኔ ደግሞ የተዘረጋ ደብተር አይቼ ተማሪ ቆጥሬያለሁ። የአሰላ ልጆች ቢያዩኝ እንዴት እንደሚስቁ አስቡት።

የራሞንን ልማድ ልንገራችሁ፤ ከዲግሪዬ ይልቅ ያበላኝ እሱ ነውና። ቤት ሲደርስ የመሣሪያ ቦርሳውን አይከፍትም። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቤቱን አንዴ ይዞራል፣ ያዳምጣል። ከዚያ ወፍራሙን ቧንቧ በመዳፉ ይይዘዋል፤ ቀዝቅዞ ካላበው አንድ ነገር ነው፣ ደርቆ ከሞቀ ሌላ። እኔ "ችግሩ ይሄ ነው" ስለው አንድ ጣት ያነሣና "ሌላስ ምን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል?" ይላል። ስመልስለት ሁለተኛ ጣት፤ ስመልስለት ሦስተኛ። ሦስት ጣት ሳይሞላ ካቻቢቴ ማንሣት የለም። የነቀለው ዕቃ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የቤቱን አድራሻ ይጽፍበታል፤ በጋው እስኪያልፍ አይጥለውም። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ወንበር ይለምናል። ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መሣሪያዎቹን በቀይ ጨርቅ አንድ በአንድ ይወለውላል። ደንበኞች ሰነፍ ይሉታል። እሱ ግን የሚጠብቀው ማሽኑን ነው። "ማሽን እንግዳ ፊት ጨዋ ይሆናል" ይለኝ ነበር። "ተቀመጥና እንግድነትህ ይልቀቀው።"

አንዴ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሠፈር አንድ ቤት ላኩኝ። ቧንቧው በረዶ ሠርቷል፤ ከእኔ በፊት የመጡት ሁለት ባለሙያዎች የማቀዝቀዣ ጋዝ አንሶታል ብለው ጋዝ ጨምረው ሄደዋል። ጋዝ ሲያንስ ቧንቧ በረዶ ይሠራል፣ እውነት ነው። በረዶ የሠራ ሁሉ ግን ጋዝ አንሶታል ማለት አይደለም። ጣቶቼን እያነሣሁ ስዞር ኮሪደሩ ላይ ትልቅ የጫማ ቁም ሳጥን አገኘሁ፤ ኤሲው አየር የሚስብበትን መስኮት ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ቁም ሳጥኑን ገፋሁት፣ አለቀ። ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ ብቻዬን እስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ራሞን ብቻዬን እንድሄድ ለቀቀኝ፤ የእኛ ሰዎችም ስልኬን ይቀባበሉት ጀመር። "ኤሲህ ተበላሸ? ቲቸርን ጥራ" ሆነ።

እንግዲህ ወደዚያ ሐምሌ ልምጣ።

እዚህ አገር በሐምሌ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ለጎልማሳ ላብ ነው፣ ለሽማግሌ ሞት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ በዚያ ወር ስልካችን አያርፍም። እትዬ አስካለ ረፋድ ላይ ደወሉ። "ሲመችህ ብቅ በል፣ አትቸገር" ነው ያሉት። ልጃቸው ሰናይት ሄንደርሰን የሚባለው ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ ረጅም ሺፍት ላይ ስለነበረች አልነገሯትም።

ስደርስ ውጪ ያለው የኤሲው ሳጥን እየጮኸ ነው፣ ፋኑ ግን አይዞርም። ፋን ሳይዞር ሲቀር ካፓሲተር ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ጣሳ መሰል ዕቃ። በዚያ ሳምንት የቀየርኩት ሁሉ እሱን ነበር። ቤቱን አልዞርኩም። ጣት አላነሣሁም። አሮጌውን በመለኪያ እንኳ አልለካሁትም። ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ አዲሱን ቀየርኩ፣ አቧራ የጠጣውን ሳጥን በአትክልት ጎማ አጠብኩላቸው፣ ሳበራው ፋኑ ሽው ብሎ ተነሣ። እትዬ አስካለ መረቁኝ። ምሳ ብላ አሉኝ፤ አምስት ቤት ይጠብቀኛል ብዬ እምቢ አልኩ። ወንበር አልለመንኩም።

አመሻሹ ላይ ከመኪናዬ ደወልኩላቸው።

"እንዴት ዋሉ እትዬ አስካለ? ቤቱ በረደልዎት?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ልጆቹስ? ባለቤትህስ?"

ሁላችንም ደህና መሆናችንን ነገርኳቸው፣ ተመራርቀን ዘጋን። እኔም ወረቀቴ ላይ "ተጠናቋል" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ከሺፍት ወጥታ ብትደውል ብትደውል አላነሡም። ከሄንደርሰን አሊያንቴ ድረስ እየበረረች መጣች። ኮሪደር ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ውጪ ሳጥኑ ይጮኻል፣ ፋኑ ቆሟል።

ተደውሎልኝ ሆስፒታል ስደርስ ሰናይት በር ላይ ቆማ ነበር፣ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። እናቷ እንዳላወቋት ነገረችኝ፤ ሙቀቱ ኩላሊታቸውን ጎድቶታል፣ ይተርፉ አይተርፉ ገና አልታወቀም። አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። "ትናንት ማታ እኮ ደውዬላቸው ደህና ነኝ ብለውኛል" አልኳት።

አልጮኸችም። "ቲቸር፣ እናቴ እግሯ ተሰብሮም ደህና ነኝ ነው የምትለው" አለችኝ። "ጠይቀዋታል። ቼክ አድርገዋል ወይ?"

ደህና የሆነ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ይላል። ደህና ነኝ ያለ ሁሉ ግን ደህና አይደለም፤ እኛ አገር ደግሞ ማን ሌላ መልስ ሰጥቶ ያውቃል? ነገሩን እያወቅኩት፣ እኔ ራሴም እንደዚያው እየመለስኩ ያደግኩ ሰው፣ የተዘረጋ ደብተር ቆጥሬ ሴትዮዋን ሙቀት ውስጥ ጥያቸው ሄድኩ። የዚያን ዕለት አፈርኩ። ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ።

የመኪናውን ቁልፍ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሪፖርት አጽፎኝ ዕረፍት ውሰድ አለኝ። እኔ ግን ላልመለስ ወስኜ ነበር። ባለቤቴ ለመነችኝ፣ አልሰማኋትም።

በአራተኛው ቀን ራሞን ቤቴ መጣ። አላጽናናኝም። ግቢው ውስጥ አስቁሞኝ ከኪሱ አንድ አሮጌ ካፓሲተር አወጣ። ከመኪናዬ የአሮጌ ዕቃ ሣጥን ያገኘው ነው፤ በራሱ ልማድ አሠልጥኖኛልና የእትዬ አስካለን አድራሻ ለጥፌበት ነበር። በዚያ ቀን ከልማዱ የጠበቅኩት ይህችኑ ብቻ ነው። መለኪያውን ሰጠኝና "ለካው" አለኝ። ለካሁት። ጤነኛ ነበር። ምንም አልሆነም ነበር።

የታመመው ሞተሩ ነው። ሲግል ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። እኔ ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ ዕቃ ስቀይር አረፈ፤ በውሃ ሳጥበው ቀዘቀዘ። ስለዚህ ተነሣ። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲመታው ተመልሶ ቆመ። ራሞን ወንበር ቢለምን ኖሮ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያየው ነበር።

"ያስነሣው ዕረፍትና ውሃ ነው፤ አንተ ደግሞ እኔ ነኝ አልክ" አለኝ።

ሥራውን ትቻለሁ አልኩት። "አንተ ብትሄድ በቦታህ የሚመጣው ይሄን ስህተት ገና ያልሠራ ሰው ነው" ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ። ይህን ዓረፍተ ነገር ማታ አልጋዬ ላይ ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ ቀዳዳ ልፈልግለት ሞከርኩ። አላገኘሁም።

እትዬ አስካለ በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸውን አወቋት። እኔን ሲያዩኝ ደግሞ "መምህር፣ ከሳህ" አሉኝ፣ እሳቸው አልጋ ላይ ተኝተው። ይቅርታ ልለምን አፌን ስከፍት አስቆሙኝ። ያን ማታ ቤቱ ምድጃ ሆኖባቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሆኖ ነበር አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ድምፅህ ደክሞ ነበር ልጄ። ሞቆኛል ብልህ በዚያ ሙቀት ራትህን ሳትበላ ተመልሰህ ልትመጣ ነው። አዘንኩልህ።"

አለቀስኩ። ለእኔ አዝነው ሊሞቱ ነበር።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሞተራቸውን ቀየርኩ፣ ወንበር ለምኜ ሃያ ደቂቃ ሳይሆን እስከ ከሰዓት ተቀመጥኩ። ሰናይት ቡና ይዛልኝ መጣች፤ አጠገቤም ተቀመጠች። ከዚያ ቁጥሩ መዳፍ የሚያህል ቴርሞሜትር ገዝቼ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ቀስ በቀስ በማገለግላቸው ሽማግሌዎች ቤት ሁሉ ሰቀልኩ። ማታ ስደውል "በረደልዎት?" ማለት አቆምኩና "ስንት ይላል?" ማለት ጀመርኩ። እዚህ አገር ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው፤ ከሰማንያ በታች ካለ ቤቱ በርዷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ጉድ ፈላ። "ያ ሰውዬ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ቁጥር ይጠይቃል" ተብዬ በየቤቱ ታማሁ። አንድ አዛውንትማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እትዬ አስካለ ጠርተው ገሠጹኝ፤ ቁጥሩ መልካም ነው፣ ግን ሰው መሆንህን አትርሳ አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን ከነልጅ ልጁ ጨርሼ ቁጥሩን አስከትላለሁ። ሰላምታው አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

ለብዙ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ራሞን ጡረታ ወጥቶ ቀዩን ጨርቅ ትቶልኝ ሄደ። እትዬ አስካለ ከዚያ ሕመም ከዘራ ተርፏቸዋል፤ ምላሳቸውን ግን ምንም አልነካውም። ቤታቸው ለአገልግሎት ስሄድ ምሳ እበላለሁ፣ እምቢ ማለት ድሮ ቀረ። የራሞንን ጣቶች፣ የአሰላን ደብተሮች፣ ሁሉን አውርቼላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እንደሚይዙት ግን አልገመትኩም።

ባለፈው ግንቦት፣ ሙቀቱ ሳይጀምር ማሽናቸውን ላየው ሄድኩ። ከኮርኒሱ በላይ ወጥቼ ጨርሼ ወረድኩ። ሸሚዜ ረጥቧል፣ ግራ ክንዴ ከብዶኛል። መሰላሉን ተሸክሜ ነው ብዬ ነበር። እትዬ አስካለ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

"እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደብተሩን አየሁት። ተማሪው የት አለ?" አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሰናይት የገዛችላቸውን የደም ግፊት መለኪያ አምጥተው ክንዴ ላይ ጠመጠሙት። "አንብበው" አሉኝ። አነበብኩት፤ ያየሁት ቁጥር የሌላ ሰው መሰለኝ። መሰላል ስለወጣሁ ነው አልኳቸው። አንድ ጣት አነሡ።

"ሌላስ ምን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል?"

ወንበር አቀረቡልኝና ሃያ ደቂቃ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ሁለት ቤት ይጠብቀኛል ብል ከዘራውን በሩ ላይ ገጥመው ቆሙ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ እንደገና ለኩኝ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ለሰናይት ደወሉ፤ እሷ መጥታ በዚያው መንገድ፣ እናቷን ስትፈልግ በበረረችበት፣ እኔን ወሰደችኝ። የልቤ አንድ የደም ቧንቧ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቱቦ ከፈቱት። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቤት ኮርኒስ ላይ ብወጣ ኖሮ በራሴ እግር እንደማልወርድ ነገረኝ።

ሆስፒታል ስተኛ እትዬ አስካለ መጥተው አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። "ዛሬስ አልዋሸሁዎትም፣ እኔም አላወቅኩም ነበር" አልኳቸው። "እኔስ የዚያን ቀን መች አወቅኩ፤ የሚያልፍ ሙቀት መስሎኝ ነበር" አሉኝ። በነጋታው ጡረታዬን ጠየቅኩ።

አሁን ሥራ የለኝም፤ መጀመሪያ ላይ ጨንቆኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠፈር ያሉ ልጆች ሒሳብ ይማሩብኛል፣ ስማቸውን አንድ በአንድ እጠራለሁ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እትዬ አስካለ ይደውላሉ። ሰላምታውን ከነልጅ ልጁ እንጨርሳለን። ከዚያ "ስንት ይላል?" ይሉኛል። የደም ግፊት መለኪያዬን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ አነባለሁ፤ ዛሬ መቶ ሃያ ስድስት በሰባ ዘጠኝ። ጎሽ ይሉኛል። ተራዬ ነውና እኔም እጠይቃቸዋለሁ። ከዘራቸው መሬቱን እየመታ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ሲሄድ በስልኩ ይሰማኛል። ቆም ይላሉ፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ።

"ሰባ ስምንት ይላል" ይሉኛል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" እላቸዋለሁ።